ኦቦ ጉተማ የቀቡት ሞተር

መኪናውን የሚወድ ሰው አታምጡብኝ። መኪናውን የማይወድ ሰው ሲበላሽበት ያመጣልሃል፤ ታበጅለታለህ፤ በሰላም ይሄዳል። የሚወድ ሰው ግን ራሱ አበላሽቶ ነው የሚያመጣው። ያውም ፈገግ ብሎ፣ አሳምሮት እንደመጣ እየቆጠረ።

ይህን የምለው በቅርቡ የልጄ ባል ስላናደደኝ ነው። ጡረታ ወጥቼ፣ እጄም መንቀጥቀጥ ጀምሮ፣ ከመኪና ጋር ተለያይቻለሁ ብዬ በተቀመጥኩበት፣ "አባባ፣ ይምጡና የሠራሁትን ይዩልኝ" ብሎ ወደ ግቢ ወሰደኝና ኮፈኑን ከፈተ። ሞተሩ ሰማያዊ ሆኗል። የጎማ ቱቦው ሰማያዊ፣ የካንዴላው ገመድ ሰማያዊ፣ ዘይት የሚለካበት ዘንግ እንኳ ሳይቀር ሰማያዊ። ከጣሳ የሚነፋ ቀለም ገዝቶ በአንድ ከሰዓት ጨርሶታል። ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ልጄ ጩኸቴን ሰምታ ወጣችና፣ "አባዬ፣ ቀለም ነው እኮ! ምን ሆነሃል?" አለችኝ።

ቀለም ነው እኮ! ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት ይህንኑ ነው። እንግዲህ ምን እንደሆንኩ ልንገራት።

ሥራ የጀመርኩት በጃንሆይ ጊዜ፣ ሲሬ ውስጥ በነበረ የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ነው። አባቴ ከጎጃም መጥተው ነቀምት የከተሙ ሰው ነበሩ። እኔ ግን እዚያው ስለተወለድኩ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል ነው አፌን የፈታሁበት። ካምፑ ስገባ የሰጡኝ ሥራ ማሽን ማጠብ ነበር። ደመወዙ ለሆዴና ለእናቴ ስኳር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ስለሱ የምለው የለኝም።

ከማጠብ አውጥተው ቀለም ያስተማሩኝ ኦቦ ነገሪ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ምሳ ሳይቀርብላቸው በፊት ዓይናቸውን ጨፍነው የሚጸልዩ፣ ሲሠሩ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር በአፍንጫቸው የሚያዜሙ ሰው ነበሩ። በጣሊያን ጊዜ አንድ የጭነት መኪና ጋራዥ ውስጥ ሙያውን ለቅመዋል። ከእሳቸው ጋር አንድ ክዳን ለመቀባት ቀኑ አይበቃም ነበር። መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ ብረቱ ብረት እስኪመስል ትፍቃለህ። በቤንዚን ታጥባለህ፣ ከዚያ በፈላ ውኃና በሳሙና ትደግማለህ፣ ፀሐይ ላይ ታደርቃለህ። ሲደርቅ ኦቦ ነገሪ ከኪሳቸው ነጭ ጨርቅ አውጥተው ብረቱ ላይ ያሳልፉታል። ጨርቁ ትንሽ ከጠቆረ፣ "አማስ" ይላሉ፤ እንደገና ማለታቸው ነው። ሳይቆጡ፣ ዜማቸውን እንኳ ሳያቋርጡ። "አማስ" የሚለውን ቃል የጠላሁትን ያህል በዚያ ዕድሜዬ የጠላሁት ነገር አልነበረም።

ከመቀባት ይልቅ አለመቀባትን ነበር የሚያስተምሩት። "የሚግለውን አትቀባ፤ ይጨሳል። የሚተነፍሰውን አትቀባ፤ ይታፈናል። ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን አትቀባ፤ ይዘጋል። የሞተሩን ውስጥ ደግሞ ጭራሽ እንዳትነካ፤ የውስጡ ብረት ልብሱ ዘይት ነው።" ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ይደፈናል። ቀለሙ በአኳራጅ ቀጥኖ፣ ስስ ተደርጎ ይቀባል፤ ሲደርቅ ይደገማል። ጠዋት ካልሆነም አይቀቡም፤ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ አቧራው ይለጠፋል ብለው ብሩሹን ይሰቅሉታል።

አንድ የሚያናድደኝ ጠባይ ነበራቸው። ሰው ያበላሸውን ይዞ ሲመጣ አይቆጡም። ጤንነቱን ከጠየቁ በኋላ በዚያው ድምፅ፣ "ምን ቀባህ?" ይሉታል። ሰውየውም ይነግራቸዋል። እሳቸው ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ አድርገው መፍቻቸውን ያነሳሉ። እኔ ደሜ ይፈላል። በሰው ልፋት እንዲህ የሚጫወትን ሰው እንዴት ዝም ትለዋለህ?

የመንገዱ ሥራ ወደፊት እየገፋ ካምፑ ከሲሬ ሲነሳ፣ ሁለታችንም ነቀምት ቀረን። ከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር በኩል አቶ ክፍሌ የሚባሉ የሸዋ ሰው ጋራዥ ከፍተው ነበርና ቀጠሩን። አቶ ክፍሌ ቸኩለው ተወልደው ቸኩለው የሚኖሩ ሰው ናቸው። መኪና ገና በሩ ሳይገባ "መቼ ይወጣል?" ይላሉ። ለኦቦ ነገሪ ነጭ ጨርቅ ትዕግሥት ባይኖራቸውም፣ የእሳቸው ሥራ ተመልሶ እንደማይመጣ ስለሚያውቁ ጥርሳቸውን ነክሰው ይተዋቸዋል።

የነቀምት ባለ መኪና ሁሉ ቀለም ቀቢ መሆኑን ያወቅሁት እዚያ ነው። አንዱ የባትሪውን ራስ በብር ቀለም ሸፍኖ "አልነሳም አለኝ" ይላል። አንዱ የቤንዚን ጋኑን ክዳን ከነመተንፈሻ ቀዳዳው ቀብቶ፣ በየተወሰነው መንገድ እየቆመ ክዳኑን ሲከፍት ፉጨት ይሰማል፤ ጋኔን ገባበት ብሎ ቄስ ያማከረ ሰው ነው። እነዚህን ሁሉ ግን እረሳቸዋለሁ። የማልረሳቸው የአርጆውን ኦቦ ጉተማን ነው።

ኦቦ ጉተማ ቡናና በቆሎ የሚነግዱ፣ ሳቃቸው ከመኪናቸው ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነበሩ። ላንድሮቨራቸውን ከገዙ ጀምሮ ሌላ ወሬ የላቸውም። ሚስታቸው አዴ ጫልቱ፣ "መኪናው ሳል ቢይዘው ማር ያጠጣዋል" ይሉ ነበር። ቀይ ቀለም ይወዳሉ። ቀዩን የሚገዙት ደግሞ ገበያው ዳር ሱቅ ካለው ከሸምሱ ነው። ሸምሱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምት የከበረ፣ ምስማርም ጨውም ቀለምም የሚሸጥ ጨዋ ሰው ነው። አንድ ቀን ተናድጄ ሱቁ ሄድኩና፣

"ሸምሱ፣ ለምንድነው የበር ቀለም ለሞተር የምትሸጠው?" አልኩት።

"ጌታሁን ወንድሜ፣ የበር ቀለም ስጠኝ ያለኝን ሰው በሩ የታለ ብዬ ልጠይቀው?" አለኝ።



የኦቦ ጉተማ የመጀመሪያው ጉድ የታየው በገበያ ቀን ነው። የጭስ ማውጫውን ብረት፣ ከሞተሩ ወጥቶ እንደ እሳት የሚግለውን፣ በዚያ በበር ቀለም ቀይ አድርገውት ከአርጆ መጡ። ገበያው መሃል ሲቆሙ ከኮፈኑ ሥር ጭሱ ተግተለተለ። ሰው "እሳት! እሳት!" እያለ ጮኸ። ውኃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች እንስራቸውን አውርደው ሞተሩ ላይ ገለበጡት። የጋለው ብረት ቀዝቃዛ ውኃ ሲያርፍበት ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ኦቦ ጉተማ እንደ መትረየስ እየጮኸች ያለች መኪና ይዘው ጋራዡ ገቡ።

"ገበያተኛው እግዜር ይስጠው፣ እሳቱን አጠፋልኝ" አሉኝ። "ብቻ ድምጿ ትንሽ ተለወጠብኝ።"

"ኦቦ ጉተማ፣ እሳት አልነበረም! እርስዎ የቀቡት ቀለም ነው የጨሰው! ማን ይቅቡ አለዎት?"

"ዝጎ ነበር እኮ፤ ያሳፍራል።"

"ኮፈን ተዘግቶበታል! ማን አይቶት ነው የሚያሳፍረው?"

"እኔ አውቀዋለሁ" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የባትሪው ምድር ሽቦ፣ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት፣ ሞተሩ ላይ የሚታሰርበትን ቦታ ቀቡት፤ መኪናው አልነሳም ብሎ አርጆ ውስጥ በበሬ አስጎትተው አስነሱት። ቀጥሎ ራዲያተሩን በወፍራሙ ለቀለቁት፤ ክንፎቹ ተደፍነው ውኃው ዳገት ላይ ፈላ። ያንን ራዲያተር በጥርስ መፋቂያ እንጨት አንድ በአንድ ስጠርግ የዋልኩትን ቀን እግዜር ይቁጠርልኝ። በየጊዜው ጮህኩባቸው። በየጊዜው ሳቁ፣ ይቅርታ ጠየቁ፣ ማር በቅል አመጡልን። ኦቦ ነገሪ ማሩን ይቀምሳሉ፣ "ምን ቀባህ?" ብለው ይጠይቃሉ፣ ይሠራሉ።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። "ኦቦ ጉተማ፣ ሞተሩን አንድ ጊዜ እኛ እናሳምርልዎት። ከዚያ ቀለም በእጅዎ እንዳይነኩ" አልኳቸው። ደስ አላቸው። መኪናዋን ጥለውልን ሄዱ። እኔና ኦቦ ነገሪ የሚፈታውን ፈታን፣ ፋቅን፣ አጠብን። ነጩ ጨርቅ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ "አማስ"ን ሰማሁ። የሞተሩን ገላ ግራጫ፣ የቴስታታውን ክዳን፣ ሞተሩን ከአናቱ የሚከድነውን ብረት፣ ከላይ ብቻ እሳቸው የሚወዱትን ቀይ አደረግነው። ሥራው እንደዚያ ያማረበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። አቶ ክፍሌ እንኳ መቸኮላቸውን ትተው ቆመው አዩት። ኦቦ ጉተማ ሲመጡ ኮፈኑን ከፍተው አዩና ኦቦ ነገሪን አቅፈው ግንባራቸውን ሳሙ።

"ቃል ይግቡልኝ" አልኳቸው።

"ቀለም? ከእንግዲህ? ዋቃዮ ምስክሬ ነው" አሉ።

ጥቂት ወራት በሰላም አለፉ። አንድ ቀን ተመለሱ። የዘይቱ መብራት ብልጭ ድርግም ይልባቸዋል። አዴ ጫልቱ ያን ጊዜ የደረሱ እርጉዝ ነበሩ፤ ኦቦ ጉተማ ድንገት ሆስፒታል ማምጣት ቢያስፈልግ ብለው መኪናዋ አስተማማኝ እንድትሆን ፈልገዋል። ኦቦ ነገሪ የዚያን ቀን አልነበሩም፤ የዘመድ ለቅሶ ጊምቢ ሄደዋል።

"ምን ቀቡ?" አልኳቸው። ቃሉ የኦቦ ነገሪ ነው፤ ድምፁ ግን የእኔ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

"ምንም!" አሉ። "ኧረ ምንም አልነካሁም!"

መብራቱን የሚያበራውን ሽቦ ማያያዣ ፈትቼ አየሁት። ዳሩ ላይ ደረቅ ቀለም ነበረበት፤ የድሮ ሥራቸው ቅሪት። ይኸው፣ ተገኘ አልኩ። የእሳቸው በሽታ ሁልጊዜ ይህ ነበርና። ፋቄ አሰርኩት። ሞተሩ ሲነሳ መብራቱ ጠፋ፣ ጠፍቶም ቀረ። አቶ ክፍሌ ሌላ መኪና በር ላይ ቆሞ ስለነበር "በቃ፣ በቃ፣ ውጣ!" ይላሉ። ኦቦ ጉተማ አመስግነው ሄዱ።

ሳምንት ሳይሞላ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የኦቦ ጉተማ ወንድም በላብ በተነከረ ፈረስ ጋራዡ በር ላይ ደረሰ። ጫልቱ ምጥ ከያዛት ቆይቷል፤ ልጁ አልወርድ ብሏል፤ በመኪና ሲያመጧት ከቆላው ወደ ነቀምት በሚያወጣው ዳገት ላይ ሞተሩ እንደ ድንጋይ ደርቆ ቆመ። አሁን ሰው በቃሬዛ ተሸክሟት እየመጣ ነው አለን። ኦቦ ነገሪ ተመልሰው ነበር። ያለ ወትሯቸው ሮጡ። የጋራዡን ጭነት መኪና አስነስተን ወጣን።

ዳገቱ ግማሽ ላይ አገኘናቸው። ስምንት ይሁኑ አሥር የማላውቃቸው ሰዎች ከየማሳቸው ወጥተው ተረባርበው አዴ ጫልቱን ተሸክመዋቸዋል። ኦቦ ጉተማ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ይዘው ነበር፤ ጫማቸው የለም፣ ሳቃቸው የለም። ጭነት መኪናው ላይ ስናወጣቸው አዴ ጫልቱ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ባላቸውን አዩና፣ በኦሮምኛ፣ "መኪናህን አሁን እንዳታስበው" አሏቸው። መንገዱን ሁሉ ኦቦ ነገሪ ከላይ ተቀምጠው እንዳይንገጫገጩ ቃሬዛውን በጉልበታቸው ደግፈው መጡ። እኔ ነዳሁ። ለጉድጓዱ ሁሉ በልቤ ስለት ተሳልኩ።

ሆስፒታል አደረስናቸው። ወደ ማታ ገደማ አንዲት ነርስ ወጥታ ሴት ልጅ ተወልዳለች፣ እናቲቱም ትተርፋለች አለችን። እውነትም ተረፉ፤ ግን ከአልጋ የተነሱት ብዙ ታመው ነው።

በማግስቱ ላንድሮቨሯን ጎትተን አመጣን። የቴስታታውን ክዳን ፈታሁና ገለበጥኩት። ውስጡ ቀይ ነበር። ቀይ! በሸምሱ የበር ቀለም፣ ወፍራም ሆኖ የተለቀለቀ። የጋለ ዘይት ሲመታው ግማሹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጦ ወርዷል። ታች የዘይት ገንዳውን ስንፈታ ፓምፑ የሚመጥበት ወንፊት በቀይ ቅርፊት ታፍኗል። ሞተሩ ዘይት አጥቶ ራሱን በልቷል። ያን የሽቦ ማያያዣ ትቼ ዘይቱን አውርጄ ቢሆን ኖሮ ቅርፊቱ ያኔውኑ መዳፌ ላይ ነበር። የተሳሳተ ቦታ አይቼ፣ አገኘሁት ብዬ፣ ሰው ከነምጡ ዳገት ላይ የቀረበት ሥራ ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ የዘይት መብራት አይቼ ዘይት ሳላወርድ የለቀቅሁት መኪና የለም።

ኦቦ ጉተማ ከሆስፒታል ሲመጡ ክዳኑን ፊታቸው አስቀመጥኩት። ለመጮህ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ አልወጣልኝም።

"ለምን ቀቡት?" አልኩ በቀስታ።

"ለእንግዶች ላሳይ ከፈትኩት። ውስጡ አመድ ይመስላል። ከላይ እንዲያ አምሮ፣ ገበሩ የተቀደደ ካፖርት መሰለኝ።"

"እሺ፣ ስጠይቅዎት ለምን አልነገሩኝም?"

መሬት መሬት አዩ። "ትጮህብኛለህ ብዬ" አሉ።

ኦቦ ነገሪ ቀና ብለው አዩኝ። ቢናገሩኝ በተሻለኝ ነበር። ያ ለስላሳ "ምን ቀባህ?" የሚሉት ነገር የዋህነት እየመሰለኝ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ! የሥራ ዕቃቸው ነበር እንጂ፤ ልክ እንደ መፍቻውና እንደ ብሩሹ። ሰውየው የደበቀውን ሞተር ከፍተህ እስክታገኘው ድረስ ዳገቱ አይጠብቅህም።

ይህን ስል ግን ንዴቴ ጠፋ ማለቴ አይደለም። የቴስታታ ክዳን ውስጡን የሚቀባ ሰው በምድር ላይ እንዴት ይገኛል? እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ለሞተሩ የሚሆነው ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ብዙ ጠበቅን። ኦቦ ጉተማ በአውቶቡስ እየመጡ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከእኛ ጋር ብረት በቤንዚን ያጥቡ ነበር። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ገጣጥመን ስንጨርስ ምንም አልቀባንም፤ የክዳኑን ቀይ እንኳ ፍቀን ብረቱን አወጣነው። ኦቦ ጉተማ አይተው፣ "እርቃኗን ሆነች እኮ" አሉ። ሕፃኗን ያዘሉት አዴ ጫልቱ፣ "እርቃኗን ትሂድ!" ብለው መኪናዋ ላይ ወጡ። ሄዱ፤ ዳገቱንም ያለ ችግር ወጣች።

ዓመት ያህል አለፈ። አንድ ጠዋት ኦቦ ጉተማ በአንደኛ ማርሽ፣ እንደ ቀብር ሰልፍ በዝግታ እየነዱ ግቢው ገቡና የእንጨት ግንድ ገጭተው ቆሙ። ብቻቸውን ነበሩ። "አዴ ጫልቱስ?" ብላቸው፣ "በአውቶቡስ ነው የምትመጣው፤ ከእኔ ጋር እምቢ አለች" አሉ። ከመኪናው ወርደው፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስጨርሱኝ፣ እንደ ንስሐ ገቢ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ።

"ጌታሁን፣ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። ትናንት ጎማውን አውልቄ የፍሬኑን ሸራ ቀባሁት።"

የፍሬን ሸራ! ፍሬን የሚይዘው ፈትጎ ነው። ቀለም ሲቀባ እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። ከአርጆ ነቀምት ያን ሁሉ ቁልቁለት በዚያ ነው የመጡት።

ኦቦ ነገሪ ከወዲያ ዜማቸውን አቋርጠው ያዩኛል። ጥርሴን ነከስኩ።

"ስለነገሩኝ ደግ አደረጉ፣ ኦቦ ጉተማ" አልኳቸው። "ቁጭ ይበሉ፣ ይረፉ። አሁን እመጣለሁ።"

ከዚያ ከጋራዡ ጀርባ ዞሬ፣ የባሕር ዛፉ አጥር ዘንድ ሄድኩና፣ ሳንባዬ እስኪችል ድረስ ጮህኩ። ጎረቤት ያሉ ውሾች ሁሉ መለሱልኝ። ሲበቃኝ አፌን ጠርጌ ተመለስኩ፤ ክሪክ አነሳሁና የፊተኛውን ጎማ መፍታት ጀመርኩ።